አጥር ያለው መደርደሪያ

እህት ዓለም፣

የጠፋው የእንጨት መያዣ ሞርሳዬ ዛሬ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ። እግር አውጥቶ መጣ እንዳትዪኝ፤ እጀታው ላይ የጥፍር ቀለምሽ አለ።

አላስችል ብሎኝ አልጋሽ ስር የደበቅሽውን የጣውላ ሥራ አየሁ። መደርደሪያ ነው ልትዪኝ ነው?
አጥር ያለው መደርደሪያ አይቼ አላውቅም።

በሰያፍ ቀዳዳ ብሎን ስታስገቢ እንጨቱ ይንሸራተታል፤ የተዛነፈብሽም ለዚህ ነው። መንጋጋው ሰፊ የሆነውን ሞርሳ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሻለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ጣውላዎች መጋጠሚያቸው ላይ ግጥም አድርጎ ይያዝልሽ፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቂ። መንጋጋው እንዳይነክሰው ቁራጭ እንጨት በመሃል አድርጊ።

ጎረቤታችንን ሞርሳዬን ወሰደ ብዬ በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።
አንቺን ግን…

የልጁ አባት ማነው ብዬ በወረቀት አልጠይቅም። ስመለስ ራስሽ ትነግሪኛለሽ።

መሣሪያ ሳጥኑን ከእንግዲህ እንዳታነሺ።
ይከብድሻል።