ኤሊዋን በመውደዴ ለተደረገልኝ ጥንቃቄ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ የሰው ቤት ሲጠብቅ ለማያንቀላፋው ዓይንዎም ረጅም ዕድሜን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ በምድር ቤቱ፣ መስኮቱ ወደ ግቢው በሚከፈተው ክፍል የምኖር የአርባ ስድስት ዓመት መነጽር ሠሪ ነኝ። በስሜ ባያውቁኝ እንኳ እርስዎ ራስዎ ባወጡልኝ «ማሙሽ» በሚለው ቅጽል እንደሚያስታውሱኝ አልጠራጠርም። ይህን ደብዳቤ ጎረቤቶቼም እንዲያነቡት በመግቢያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ ጃንጥላ ይዛ ድልድይ ስለምትጠብቅ ኤሊ የሚተርከውን የልጆች ካርቱን እንደማይ ደርሰውበታል። ልክ ነዎት። ከሥራ ስገባ ጫማዬን አውልቄ፣ የኤሊዋ ሥዕል ያለበትን ትራስ ተደግፌ አያለሁ፤ ስስቅም ድምፄ ግቢ ድረስ ይሰማል። ልጅ የሌለው ጎልማሳ ይህን ምን ብሎ ያያል ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ ደስ ይለኛል። ኤሊዋ ድልድዩን ሊሻገር የመጣውን ሁሉ «ቀስ ብለህ፣ እኔ አለሁ» ትለዋለች፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚለኝ ሌላ አላገኘሁም። እርስዎ ጎል በገባ ቁጥር ሕንፃውን በጩኸት ሲያናውጡት ዕድሜዎን የጠየቀ ሰው ባለመኖሩ ግን ከልብ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ማሙሽ፣ ጡጦህን ጠጣህ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቀረ። እናቶች እኔን ሲያዩ የልጆቻቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው መያዝ ጀመሩ። የመነጽሩን ብሎን ባጠበቅሁለት ቁጥር ሲመርቀኝ የኖረው ዘበኛም ሰላምታዬን ወደ መሬት እያየ መመለስ ያዘ። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከልጅ ጋር ካየሁዎት እንድናገር ታዝዣለሁ» አለኝ።

ቀጥሎ እኔ ያልተጠራሁበት ስብሰባ ተደረገ። «ጤነኛ ሰው በዚህ ዕድሜው ካርቱን አያይም፤ ኋላ አንድ ነገር ቢፈጠር እኔን እንዳትወቅሱኝ» ማለትዎን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በዚያው ስብሰባ ልጆች በመስኮቴ ሥር፣ በግቢው እንዳይጫወቱ ተወሰነ። ልጅ ግን መጫወቻ አያጣምና ሳታዩአቸው ወደ ጣሪያው፣ የውኃ ማጠራቀሚያዎቹ ወዳሉበት መውጣት ጀመሩ። ግቢው ጭር አለ፤ እርስዎም ጭርታውን ሰላም አሉት።

የቀረው ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ ተብሎ አልቆጠር ስላለኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ትንሽ ልጅ ጠፋች። እናቷ ስሟን እየጠራች ደረጃውን ስትወርድ ሰምቼ፣ አብሬ ልፈልግ ጫማዬን ሳስር በሬ ተደበደበ። ስከፍተው እርስዎ ከፊት፣ አባቷና ጎረቤቶቼ ከኋላ ቆማችኋል።

«የት አደረግሃት?» አሉኝ።

«አላየኋትም፤ እባካችሁ ጊዜ አናጥፋ፣ እንፈልጋት» ብል ማን ሰምቶኝ! አባትየው አንገቴን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። አልጋዬ ተገለበጠ፣ ቁም ሣጥኔ ተበረበረ፣ ልጅ ትራስ ውስጥ የምትደበቅ ይመስል ትራሴ በቢላዋ ተተረተረ። ከመካከላችሁ አንዱ «ገመድ አምጡ» ሲል ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ» የሚለኝ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ስለ ልጅቷ ማሰብ አቆምኩ፤ የፈራሁት ለራሴ ብቻ ነበር።

ያዳነኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ጩኸት ነው። «ኧረ አገኘኋት! ኧረ እዚህ ናት!» አለች ከላይ። ልጅቷ ድብብቆሽ ስትጫወት ጣሪያው ላይ ወዳለው የማጠራቀሚያው ክፍል ገብታ፣ ከውስጥ እጀታ የሌለው በር ተዘግቶባት ኖሯል። በላብ ተጠምቃ፣ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራት።

እናንተም የጣላችሁትን ዕቃዬን እየተራመዳችሁ አንድ በአንድ ወጣችሁ። እርስዎ ግን በሩ ላይ ዘወር ብለው «ለማንኛውም ተጠንቀቅ» አሉኝ። ለምክርዎ ባለ ዕዳ ነኝ።

እህቴ «ወንድምዬ፣ ዛሬስ ተርፈሃል፤ ሌላ ቀን ልጅ ቢጠፋስ? ቤቱን ልቀቅላቸው» ብላ አለቀሰች። አልለቅም። ግን እናት ልጇን ለራት በጠራች ቁጥር፣ ልጁ «አቤት» እስኪል ድረስ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። እስካሁን ሁሉም አቤት ብለዋል።

ለሚቀጥለው ፍተሻ እንዳይደክሙ በሩን ሳይቆልፍ የሚጠብቅዎ፣ ከእግርዎ ሥር የሚኖር ትሑት አክባሪዎ፣

መነጽር ሠሪው

ማስታወሻ፦ የልጅቷ እናት ትናንት መጥታ ደጃፌ ላይ ቆማ አለቀሰች። ልጅቷ ለካ በመስኮቴ የሚወጣውን የእናንተን ጩኸት እዚያ ላይ ሆና ስትሰማ ነበር። «አለሁ» ብላ እንዳትጮኽ አፏን በሁለት እጇ አፍና የተቀመጠችው ፈርታ ነው። ክቡር ሊቀመንበር፣ የፈራችው ግን እኔን አልነበረም።