በጨው መጋዘኑ በኩል ና

ካሪክቤግ፣ ዌክስፎርድ፣ አየርላንድ
መጋቢት 1941 እ.ኤ.አ.

ውድ ፊንታን፣

«ውድ» በዪው ያለችኝ እማ ናት። እኔ ብሆን ስምህን ብቻ ጽፌ እጀምር ነበር። እማ ታማለች። ጾም ከገባ ጀምሮ ከአልጋ አልወረደችም፤ ከወተት በቀር የሚወርድላት ነገር የለም። ሐኪሙ ለፋሲካ መድረሷን ይጠራጠራል። አንተን ትጠራለች። የታዘዝኩት መልእክት ይኸው ነው። የቀረው የራሴ ነው።

ጀርመኖች ደብሊን ላይ ባቆሙት መንግሥት ውስጥ ሹመት እንደሰጡህ ሰምተናል። ፎቶህን ጋዜጣ ላይ አየነው። ወፍረሃል። ከእኛ ግን ለዘር ያስቀመጥነውን ድንች ሳይቀር ጭነው ወስደውብናል።

ጦርነቱ እንደተጀመረ መንግሥታችን «ይህ ጦርነት አይመለከተንም፤ ከማንም ወገን አይደለንም» ሲል ሬዲዮውን ዘግተህ «ይህ የፈሪ ወግ ነው» አልክ። በልጅነታችን አባባን የገደሉት እንግሊዞች ናቸውና ጥላቻህን ማንም አልነቀፈብህም። እኔም እጠላቸዋለሁ። ግን አንዱን ጠላት ላባርር ብዬ ሌላ ጠላት አልጠራሁም።

ባለፈው መስከረም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሁለት ፋኖስ ይዘህ ወጣህ። እማ ወዴት ነው ብትልህ «የዓሣ መረቡን ላየው» አልካት። ባሕሩ ዳር ያለው ጉብታ ላይ ቆመህ በቋጥኞቹ መሀል ያለውን መግቢያ ለጀርመን መርከቦች አሳየሃቸው። ያንን መግቢያ ያስተማሩህ ጋሼ ጄም ሮሲተር ነበሩ፤ አባት የለውም ብለው በጀልባቸው ይዘውህ እየወጡ።

በማግስቱ መንደሩ ግራጫ ካፖርት በለበሱ ወታደሮች ተሞላ። አንተ ከመኮንኑ ጎን ትራመዳለህ። «ወዳጆቻችን ናቸው፤ እንግሊዝ የያዘችውን ሰሜኑን ያስመልሱልናል» አልከን። ጋሼ ጄም ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡና «ፊንታን ልጄ፣ እንግዳ ጠሪው አንተ፣ የሚያድረው እኛ ቤት፤ እንዲህ ያለ ግብዣ ከየት ተማርክ?» አሉህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም ሳቅህ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ተመትቶ ባሕር ላይ ወደቀ። ጋሼ ጄምና ኮድ የሚባሉት ሁለት ወንድማማቾች የነፍስ አድን ጀልባዋን ይዘው ወጡ። ባሕር ላይ የሚጮኽን ሰው «የማን ወገን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ እዚህ አገር አልተወለደም። ብርድ ያደነዘዛቸው ሁለት ልጅ እግር አብራሪዎች ይዘው ተመለሱ። መኮንኑ «ጠላት ረድታችኋል» ብሎ ሦስቱንም ከጨው መጋዘኑ ግድግዳ ጋር አቆማቸው። የጋሼ ጄም ሚስት እትዬ ናንሲ ክንድህን ይዘው «አንተን ይሰሙሃል፤ ንገርልኝ» አሉህ።

አንተ ቆብህን አወለቅህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ከዓይኔ አልጠፋም። ብትጮኽ፣ ብትለምን፣ ባይሰሙህም እንኳ «ወንድሜ ጮኾ ነበር» እል ነበር። አንተ ግን ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቆብህን በእጅህ ይዘህ፣ ተኩሱ እስኪያልቅ ቆምህ። አባባን ሲገድሉት ከእንግሊዞቹ አንዱ ቆቡን አውልቆ ነበር። እማ ይህን ስትነግረን «ከተኮሱት ይልቅ እሱን ነው የምጠላው» ትል አልነበር?

ስለዚህ አሁን እማ ስምህን ስትጠራ ደሜ ፈላ። «እማ፣ ያደረገውን ረሳሽው?» አልኳት።

«ብረሳውማ ምን ብዬ እጠራዋለሁ» አለችኝ። «የምነግረው አለኝ። ለአንቺ የሚነገር አይደለም።»

እዚህ አንተን ለመግደል የማሉ ሰዎች አሉ። ስማቸውን አልጽፍልህም፤ ለማን እንደምታሳየው አላውቅም። ስለዚህ ትናንት እትዬ ናንሲ ቤት ሄድኩ። ሳይፈቅዱልኝ አንተን ወደዚህ መጥራት አልችልም። ድንች እየላጡ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ቢላዋውን አላስቀመጡም።

«ይምጣ» አሉ። «የእናቱ እስትንፋስ እስካለ ማንም አይነካውም። ለማሉት ልጆች እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ከዚያስ በኋላ?» አልኳቸው።

«ከዚያ በኋላማ እኔም ሰው ነኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ሰምተሃል። ከመጣህ ያለ መኪና፣ ያለ አጃቢ፣ ያለዚያ የሹመት ልብስህ ና። መስቀለኛው መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ወርደህ በእግርህ ግባ። በባሕሩ ዳር አሸዋ ዞረህ እንደ ሌባ እንዳትመጣ። በጨው መጋዘኑ በኩል ና። ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ይይህ፤ አንተም ግድግዳውን እየው። ቆብ አታድርግ።

በሩን እከፍትልሃለሁ። እማ ፊት ሰላምታ አልነፍግህም፣ ምግብም አቀርብልሃለሁ። ከዚያ ያለፈ ቃል ከእኔ አትጠብቅ። ፈርተህ ከቀረህ ደግሞ መቃብሯን ማንም አያሳይህም።

ዛሬ ጠዋትም ጠርታሃለች። ድምጿ እየደከመ ነው።

ፍጠን።

ኡና