በጉድጓድ ውሃ ላይ ስለቆመችው ቮልስ

ለክቡር አቶ ሕዝቅያስ ደበሌ
የሐይቅ ዳርቻ ሥርዓት ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለወንበርዎም ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ መኪናዬ ከታሰረች ወዲህ በእግሬ ስለምሄድ ጤናዬ እጅግ ተሻሽሏል፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እስከ ባለፈው ክረምት «አንተ» ስልዎት የኖርኩ ጎረቤትዎ ነኝና፣ አንቱታው አፌ ላይ እስኪለምድ ስሕተት ቢገኝብኝ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዬ ግልጽ ነውና፣ ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን፦ እኔ በትርፍ ጊዜዬ ዓይን የሚያታልል ፎቶ አነሳለሁ፤ የታቦርን ተራራ በሁለት ጣት የቆነጠጠ ሰው፣ ይህን የመሰለ ጨዋታ። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ጠዋት ከአባቴ የወረስኳትን ሰማያዊ ቮልስ፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» የምንላትን፣ ከሐይቁ ርቆ መናኸሪያ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ፣ ከአንድ ጉድጓድ ማዶ አቆምኳት። ስልኬን ገልብጬ፣ ሌንሱን ጉድጓዱ ካቆረው የዝናብ ውሃ አስጠግቼ አነሳሁ። ጉድጓዱ ሐይቅ መሰለ፤ እትዬም ሐይቁ ላይ በጎማዋ ቆመች። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ አገር ሳቀ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን «ተሽከርካሪ ሐይቅ ውስጥ አስገብተሃል» ብሎ ከሰሰኝ፤ እትዬንም ወስዶ ግቢው ውስጥ አሰራት። ስለዚህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እትዬ ካፊያ ሲነካት ሞተሯ የሚጠፋ ወይዘሮ እንደሆነች ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለቤትዎ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ምጥ የያዛቸው ዕለት፣ ከሰፈራችን ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ እስከ ሆስፒታሉ እኔ መሪ ይዤ፣ እርስዎ በዝናብ ከኋላ ገፍተዋታል። ልጅዎ ሩታ እስከ ዛሬ «የእኔ አምቡላንስ» ትላታለች። ቢሮ ልትጠይቅዎ ስትመጣ፣ አምቡላንሷን ጎማዋ ተንፍሶ ፀሐይ ላይ ስታያት ምን ብለው እንደሚያስረዷት ለማወቅ እጓጓለሁ።

ሁለተኛ፤ ማስረጃዬ ያ ጉድጓድ ነውና መጥታችሁ እዩልኝ ብዬ አመለከትኩ። ሰፈርተኛው ይደፈንልን እያለ ለዓመታት ሲለምን «በጀት የለም» ሲባል የኖረው ጉድጓድ፣ ባመለከትኩ ማግስት አስፋልት ለብሶ አገኘሁት። ሕዝቡ ለፍጥነትዎ አመስጋኝ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹማ መንገድ ላይ እያስቆሙ «ጋሼ፣ በናትህ የእኛንም ሰፈር ጉድጓድ ፎቶ አንሳልን!» እያሉኝ ነው።

ሦስተኛው ላይ ቀልድ ያልቅብኛል። ያን ጠዋት ብቻዬን አልነበርኩም። እርስዎ ከቢሮ ወጥተው «እኔንም እንደ ጴጥሮስ ውሃው ላይ አቁመኝ እንጂ!» ብለው እትዬን ተደግፈው ቆመዋል። ክሱ ሲመጣም «ፎቶውን ከፌስቡክም ከስልክህም አጥፋው ወንድሜ፣ እኔ አበርደዋለሁ» አሉኝ። ወንድሜ ስላሉኝ አጠፋሁት። አሁን በዓለም ላይ የቀረው አንድ ፎቶ ክሱ መዝገብ ላይ የተያያዘው ነው፤ በእርሱ ላይ ደግሞ እርስዎ ተቆርጠው ወጥተዋል። ያኔ አይቶ የሳቀው ሁሉ ዛሬ «እኔ አላስታውስም» ይላል። እኔ በዚህ ሙያ ትልቁን ትንሽ፣ ትንሹን ትልቅ አድርጌ አውቃለሁ፤ አጠገቤ የነበረን ሰው እንዳልነበረ ማድረግ ግን እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም። ለብልጫዎ እጅ ነሥቻለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው፤ እትዬ ዝገት ሳይበላት ትፈታልኝ። እኔን መቅጣት ካስፈለገ እኔ አልዝግም።

ከጎማ ይልቅ ጫማ የሚቀይር፣ የቀድሞ ወንድምዎ፣ ያሁኑ ተከሳሽዎ፣

ፊልሞን ጉልላት
ምሥራቅ ክፍለ ከተማ

ማስታወሻ፦ የቆረጠዎት ባለሙያ ቸኩሎ ኖሮ፣ የግራ እጅዎን ከነጋብቻ ቀለበትዎ በእትዬ ኮፈን ላይ ረስቶታል። በዝናብ የገፋት እጅ ስለሆነ ወዲያው ለየሁት። መኪናዬን ሲለቁልኝ እጅዎንም መጥተው ቢያነሱ፤ እስከዚያው ግን እዚያው ይቆይ፣ ከእርስዎ የቀረልኝ እርሱ ብቻ ነው።