ባለቤቴን ሪባን ለሚያስጠብቁት ዳይሬክተር

ለተከበሩ የልብ ሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ልብዎ እንደምን ሰነበተ? የእኛ ቤት ልብ ደህና አይደለምና የእርስዎ እንኳ በጤና ይምታ ስል እመኛለሁ።

እኔ በሆስፒታልዎ ተራ የሚጠብቀው አናጢ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ከልቡ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ አብጧል። ሐኪሞቹ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ደረቱን ከፍተው፣ ልቡን ለጊዜው አቁመው፣ ያበጠውን ቆርጠው በጨርቅ ቱቦ እንደሚተኩለት፣ ልቡ በቆመበት ሰዓት ደሙን የሚያዘዋውርለት ማሽንም መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ ተሞክሮ መቀመጡን አስረድተውናል። ታዲያ ምን ቀረ ብንል፣ ማሽኑ ገና አልተመረቀም ተባልን።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ማሽኑ ላይ ያሰራችሁት ቀይ ሪባን እንዴት ያምራል! በበሩ መስታወት አጮልቄ አይቼዋለሁ። የክብር እንግዳው ሥራ በዝቶባቸው ምረቃው ደጋግሞ ሲዛወር፣ ሪባኑን አቧራ እንዳይነካው ጽዳቷ በየጠዋቱ እንደምታራግፈው ስሰማ፣ ለሪባን እንዲህ የሚጨነቅ ሆስፒታል ስላለን አመሰገንኩ።

፪ኛ. ባለቤቴ እንዳይቆጣ፣ እንዳይሸከም፣ እንዳይደነግጥ ታዟል። ሲያስነጥሰው መርፌዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ተኝቶ ትንፋሹ ዝግ ካለብኝ ደረቱ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። አይታዘቡኝና ክቡር ዳይሬክተር፣ ፈርቻለሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ያበጠው ከፈነዳ ሆስፒታሉ በር እንኳ እንደማይደርስ የነገሩን የራስዎ ሐኪሞች ናቸው። እሱ አይዞሽ ይለኛል፤ ሲለኝ ግን እጁን ከደረቱ ላይ አያነሣም።

፫ኛ. ትናንት ጸሐፊዎ ደውለው፣ ባለቤቴ በምረቃው ዕለት በማሽኑ ታክሞ የዳነ የመጀመሪያው ሰው በመሆን የምስጋና ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙን። ወይ ጉድ! መቼ ታከመና ብዬ ብጠይቅ፣ ፕሮግራሙ አንዴ ታትሟል፣ ሕክምናው ከምረቃው በኋላ ይደርሳል አሉኝ።

መቀስ ቸግሮ ከሆነ እኔ ዘንድ ሞልቷል። ኧረ በሚወዷቸው ይሁንብዎ፣ ሪባኑን ዛሬ ይቁረጡልኝ! ለክብር እንግዳው ሌላ፣ ከዚህ የረዘመና የሚያብረቀርቅ፣ በነጻ ሰፍቼ አመጣለሁ።

የሪባንዎ አድናቂ፣ የቢሮዎ ደጅ ጠኚ፣ ባሏ ባስነጠሰ ቁጥር ነፍሷ የምትወጣው፣
የአናጢው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለንግግሩ ቀን የሚለብሰውን ሱፍ ልብስ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ምረቃው አሁንም ከተዛወረ ሐሳብ አይግባዎ፣ ያው ሱፍ ለቀብሩ ይሆናል። የምስጋናውን ንግግር ግን ያን ጊዜ እርስዎ ያደርጉልናል።