ያለ እኔ ወደ ጥገና የሄደችው መርከብ

ውድ ድሩሲላ፣

ይህን የምጽፍልሽ ናሳው ወደብ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ከሚሸጡት ሴቶች ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እህትሽ ቤት ለመድረስ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። ግን አፌን ስከፍት ነገር እንደማበላሽ ከማንም በላይ ታውቂያለሽና መጀመሪያ በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው።

በመርከብ ሽርሽር ሄጄ ነበር። አዎ፣ እኔ ሴፋስ! ሳቂ ግድ የለም። ከፍሪፖርት ተሳፍሬ አራት ቀን ደሴት ለደሴት ስዞር ቆይቼ ዛሬ ጠዋት እዚህ ወረድኩ። መርከቧ ከዚህ ባዶዋን ወደ እኛው ፍሪፖርት ተመልሳ ጥገና ትገባለች። ከጥገና በፊት የመጨረሻ ጉዞዋ ስለሆነ መዋኛው ደርቋል፣ የኮሪደሩ ምንጣፍ ግማሹ ተነሥቷል፣ ከሦስቱ አሳንሰር የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። መንገደኛው ሁሉ ሲያጉረመርም እኔ ተመችቶኝ ነበር። እኔ መርከብ የማውቀው እንደዚያ ተገላልጣ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሽርሽር አብረን ልንሄድ ነበር። የተጋባንበት ሠላሳኛ ዓመት ነበር። ቢጫ ቀሚስሽን ለብሰሽ ሳሎን ውስጥ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሽ ሳለ፣ «መርከብ ሊገባ ነው፤ ካለ እኔ ጉማጁን የሚደረድር የለም» ብዬሽ ወጣሁ። ስመለስ አንቺም ሻንጣሽም አልነበራችሁም። ያን ቃል የዚያን ዕለት ብቻ አይደለም ያልኩሽ። እናትሽን የቀበርን ቀን እንኳ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ሥራ ነው የሄድኩት።

ሥራዬን ለሰው ሁሉ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። መርከብ መጠገኛ ገብታ ውኃው ሲወርድላት የምትቀመጠው በእንጨት ጉማጆች ላይ ነው፤ አንዱ ጉማጅ በጥቂት ጣት ከቦታው ከሳተ ሆዷ ይሰረጉዳል። የመጀመሪያው ቀን እራት ላይም አላስቻለኝም። ዳቦዎቹን በሁለት ረድፍ ደርድሬ የተጠበሰውን ዓሣ ከነሳህኑ ላያቸው ላይ ሳስቀምጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሚስ ኦርኔላ የሚባሉ የኤክሱማ ደሴት ባልቴት አፍጥጠው አዩኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዳቦውን ልንበላው ነው ወይስ ቤት ልትሠራበት?»

«መርከብ እንዴት እንደምትቀመጥ ላሳይዎት ብዬ ነው።»

«እኔ መቼ ጠየቅሁህ? ይልቅ ሚስትህ የታለች?»

«ናሳው ናት።»

«ታዲያ እዚህ ከዳቦ ጋር ምን ታደርጋለህ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ዓሣውን ሳልበላ ተነሣሁ።

ሦስተኛው ቀን ዴሮን አገኘኝ። ታስታውሺዋለሽ፣ እኔው ያሠለጠንኩት ነው፤ አሁን የሁለት ልጆች አባትና የእኔ ምክትል ሆኗል። ለጥገናው ልኬት ሊወስድ ተሳፍሮ ኖሯል።

«ጋሽ ሴፋስ! አውቄዋለሁ እኮ! ዕረፍት ወጣሁ ሲሉ ሰው ሁሉ ‹መርከቧን ሊቀበላት ቀድሞ ሄደ እንጂ እሱ ምን ዕረፍት ያውቃል› ነው ያለው።»

«ዕረፍት ነው የወጣሁት።»

«እሺ ይሁንልዎት። ብቻ ናሳው ላይ እንዳይወርዱ፤ አብረን እንመለስ። ካለ እርስዎ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

አልዋሽሽም ድሩሲላ፣ ደስ አለኝ። ደረቴ ተነፋ። «የጉማጆቹን ንድፍ አምጣው» አልኩትና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መስመር በመስመር አየሁት። ስሕተት እየፈለግሁ ነበር፤ እንዲኖርም እየጸለይኩ። አንድም አላገኘሁም።

«ይሄን ማን አየልህ?»

«ማንም። አምናም ካቻምናም እኔው ነኝ የሠራሁት። እርስዎ ፈርመውበታል እኮ።»

ፈርሜበታለሁ። አንቺ ሻንጣሽ ላይ በተቀመጥሽበት ቀንም ዴሮን ለብቻው ይወጣው እንደነበር አውቅ ነበር። ካለ እኔ ሰው የለም ማለቴ ውሸት ነበር። ሥራ ቦታ ሁሉም ይፈልገኛል፤ ቤት ስገባ ግን ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ምን እንደምልሽ ይጠፋኛል። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ መውረጃው ላይ ስደርስ ዴሮን ሮጦ መጣ።

«ወዴት ነው?»

«ሚስቴ ጋ።»

«ጥገናው ሁለት ሳምንት እኮ ነው ጋሼ! ከዚያ ይደርሱበታል።»

«እኔም ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው ያልኳት። ንድፉ ልክ ነው። እጅህም አይንቀጠቀጥም፤ ደስ ይበለው ብለህ ነው።»

ከዚያ ሻንጣዬን ተቀብሎ እስከ ታች አደረሰልኝ።

አሁን መርከቧ ገመዷን ፈትታ ከወደቡ እየወጣች ነው። ልቤ አልተከተላትም ብልሽ አታምኚኝም፤ እግሬ ግን እዚሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ራሴ አምጥቼ ለእህትሽ እሰጥና ከአጥሩ ውጭ እቆያለሁ። «ሂድ» ካልሽኝ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አላስቸግርሽም። ብቻ አትቸኩዪ፤ ደግመሽ አንብቢው፣ ምሳሽን ብዪ፣ ተኚበትም ካሻሽ። የሚጠብቀኝ መርከብ የለም።

ሴፋስ ፒንደር፣
ደጅሽ ላይ