ይቀራል የሚለው ቃል

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? እኛ ደኅና ነን ብዬ መጻፍ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እንግዲያው እንዲህ ልበልሽ፤ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ አባዬም ሥራ ገብቷል። ወንድማችንን፣ "ሽማግሌው" የምንለውን፣ ከቀበርን ዛሬ ሃያ ስድስት ቀን ሆነ።

ባለፈው በስልክ "እማዬ ትምህርት ቤት ሄዳ ተጣላች የሚሉት ምንድን ነው?" ስትዪኝ አጠገቤ ስለነበረች "ምንም" ብዬ ዘጋሁብሽ። ነገሩ ግን ምንም አልነበረም ማለት አይቻልም። ጥፋቱም የእሷ አይደለም፣ የኔ ነው።

ወደ ትምህርት የተመለስኩ ዕለት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ነበር። ከሽማግሌው ጋር የምንቀመጥበት ዴስክ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በሕመሙ ምክንያት ዓመቱን ሊደግም እኔ ክፍል ከገባ ጀምሮ የግድግዳውን ጥግ የሚይዘው እሱ ነበር፤ "ታላቅ ሰው መደገፊያ ይገባዋል" እያለ። መምህሩ ዝግመተ ለውጥን ጀምረዋል። ሰሌዳው ላይ "ለአካባቢው ተስማሚ የሆነው ይቀራል" ብለው ጻፉና ስም መጥራት ያዙ። መዝገቡ አልታረመም ነበር፤ የሽማግሌውን ስም ጠሩት። የክፍል አለቃው ከልማዱ የተነሣ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ቀርቷል" አለ።

እታለም፣ አንድ ቃል እኮ ነው። ሰሌዳው ላይ የቀረው የተረፈው ነው፤ መዝገቡ ላይ የቀረው የሌለው ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው "ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ" አሉኝ።

ሲደወል ተከትያቸው ወጣሁና "ታዲያ ወንድሜ ተስማሚ ስላልነበረ ነው?" አልኳቸው። ደረጃው ላይ ቆሙ። ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለ ብዙ ሺህ ዓመትና ስለ ብዙ ሺህ ፍጥረት ነው፣ ስለ አንድ ልጅ ግን የሚለው ነገር የለም አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔን ያቃጠለኝ ግን እሱ ነው። እንዴት ስለ ሽማግሌው የሚለው ነገር አይኖርም? ቢሰድቡት ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ምን ተማርክ አለችኝ። "ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ይቀራል፤ ለምሳሌ ወንድምህ፣ አሉኝ" አልኳት። ልክ እንዲህ ነው ያልኳት።

በማግስቱ ቁርስ ሳትቀምስ ትምህርት ቤት ሄደች። ድሮም ያ ትምህርት የማይዋጥላቸው ወላጆች ነበሩ፤ እንባዋን ሲያዩ ፊርማ ማሰባሰቡ አልከበዳቸውም። ሳይንስ ክፍል ውስጥ ፈጣሪ ዓለምን እንደፈጠረ የሚለውም እኩል ይሰጥ፣ መምህሩም ይነሡ አሉ።

ስብሰባው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተደረገ። ባለ ወፍጮው ተነሥቶ "እኔ ልጄን የላክሁት የዝንጀሮ ዘር ነህ እንዲሉት አይደለም!" ሲል፣ ልብስ ሰፊው ከኋላ "የኔው ከዝንጀሮ ባይመጣም ወደዚያው እየሄደ ነው" ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። እማዬ ብቻ አልሳቀችም። መምህሩ ሲጠየቁ፣ እሳቸውም የሚጸልዩ ሰው እንደሆኑ፣ እምነትን ግን ከሳቸው የተሻለ የሚያስተምር በየቤቱ እንዳለ፣ ክፍል ውስጥ የሳይንሱን መጽሐፍ እንደሚያስተምሩ ተናገሩ። ስለ ወንድሜ ብለዋል ስለተባለው "ልጁ ይጠየቅ" ብቻ አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

ርእሰ መምህሯ "ተናገር፣ አይዞህ" አሉኝ። እውነቱን ብናገር እማዬን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው፤ ዝም ብል ሰውየው ከሥራቸው ሊነሡ ነው። "አላሉም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት" አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ እማዬ ዞረ። እሷ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ መሬት መሬት ታይ ነበር። የትምህርቱ ነገር ሌላ ጊዜ ይታያል ተብሎ ተበተንን። መምህሩ ሰኞ ክፍል ገቡ።

በመንገድ ሁሉ ምነው በመታችኝ እያልኩ ነበር የምሄደው። በራችን ጋ ስንደርስ ከቦርሳዋ የሽማግሌውን የባዮሎጂ ደብተር አወጣች። ለካ ስብሰባው ላይም ይዛው ነበር። የታጠፈ ገጽ ገለጠች፤ ስለ ዝንጀሮ አይደለም፣ ስለ ዘር ውርስ ነው። በእሱ ጽሑፍ "ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት" ይላል፤ ከሥሩ የደሙን በሽታ ስም ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

"ይኼንንም እሳቸው ናቸው ያስተማሩት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እውነት ነው እንዴ? ከኔ ነው የወሰደው?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። በዚያ ምዕራፍ ፈተና ሙሉ ነው ያመጣሁት፣ እታለም።

የማቅለሽለሽሽን ነገር እስክትፈቅጂልኝ ለማንም አልናገርም። ብቻ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ደምሽን ይዩልሽ፤ የባለቤትሽንም ጭምር። ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ልጅን አያሳምምም፣ አትደንግጪ። ለምን ፈለግሽ ካሉሽ ወንድሜ አዞኝ ነው በያቸው።

ፈጣሪ ሦስታችሁንም ይጠብቅልኝ፣ በጤናችሁ ያሳየኝ። እማዬ ጋ ደውዪላት። ስለ ስብሰባው ግን አትጠይቂያት።

ያንቺም የሽማግሌውም ታናሽ፣
ወንድምሽ