የእትዬ ለምን ዕረፍትና የመጪው የልጆች ቅዳሜ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለግቢው መምህራን፣ ለሰፈሩ ወላጆችና ለልጆቻቸው፤

እኛ የዩኒቨርሲቲው የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ ልጆች «እትዬ ለምን» የሚሏቸው የኬሚስትሪ መምህርት ባለፈው ማክሰኞ በሕመም ማረፋቸውን የምናሳውቀው እጅግ አዝነን ነው። እጅግ ስንል ለወጉ ያህል አይደለም። ይባስ ብሎ፣ እሳቸው ያቋቋሙት የልጆች ቅዳሜ ተተኪ እስኪገኝ ይቁም የሚል ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ ወጥቶ ተለጥፏል። ማኅበራችን ይህን አልተቀበለም። ምክንያታችን የመምህርቷ የሥራ ታሪክ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ልጆች ከፍተኛ ትምህርት ምን እንደሆነ ከማደጋቸው በፊት ይዩት ብለው የልጆች ቅዳሜን ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን አባሎቻችን ልጆቹን «መታወቂያ!» ብለው በር ላይ አቆሟቸው። ሕግ ነው፤ ዛሬም አጠፋን አንልም። መምህርቷ ሳይቆጡ ልጆቹን እዚያው የእግረኛ መንገዱ ላይ አስቀምጠው፣ «በሉ፣ ይሄ ከእናንተ ትምህርት ቤት በምን ይለያል? ጋሼን ጠይቋቸው» አሉ።

ዘበኛው ጨነቀው። «እዚህ እንኳ ደወል የለም» አለ፤ «ጎትቶ የሚያስገባም የለም። ሰው በራሱ ፈቃድ ነው የሚመጣው።»

የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ እኛም እኮ በራሳችን ነው የመጣነው! ታዲያ ምነው ከለከሉን?»

በሩ ተከፈተ።

በ2006 ዓ.ም. ደንብ አወጡ። ልጅ የጠየቀውን የማይመልስ መምህር ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አላውቅም» ማለት አለበት፤ ልጆቹም ያጨበጭባሉ። አንድ አንቱ የተባሉ ፕሮፌሰር፣ ድመት ካርቶን ውስጥ መተኛት ለምን እንደምትወድ ተጠየቁ። ክራቫታቸውን ነካኩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ በመጨረሻ «አላውቅም» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መምህርቷም «ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ማለት ይሄ ነው። ፕሮፌሰሩ ነገ መልሱን ፍለጋ ይወጣሉ» አሉ። ፕሮፌሰሩ በሳምንቱ ድመት አቅፈው ሲገቡ እኛው ራሳችን አይተናል።

በ2014 ዓ.ም. ያቺ ጥርሰ ወላቃ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆና መጣች። መታወቂያ ጠየቅናት። ከኪሷ አውጥታ አፍንጫችን ሥር አድርጋ አሳየችን፤ ሳቀችብንም። መምህርቷ ያን ቀን መስኮታቸው አጠገብ ቆመው እያዩ እንደ ልጅ ሲዘሉ ታይተዋል።

ለባለቤታቸው፦ ጋሼ፣ ከመካከላችን ሚስቱን የቀበረ ሰው አለ። እራት ብቻን ሲበሉት አይወርድም። ጥበቃ ክፍላችን ጠባብ ቢሆንም ወንበር አይጠፋም፤ አመሻሽ ላይ ብቅ ይበሉ። ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን። የእሳቸውንም ነፍስ ይማር።

ተተኪን በተመለከተ፣ ያቺው ተማሪና ጓደኞቿ «እኛ እናስተምራለን» ብለዋል፤ ባለ ድመቱ ፕሮፌሰርም በልጆቹ ለመጠየቅ ፈቅደዋል። ስለዚህ ወላጆች መጪው ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ላኩ። ቢሮው ቅር ካለው በሩ ላይ ቆሞ ለልጆቹ ራሱ ይንገራቸው። እኛ አዳራሹን ጠርገናል፤ ቁልፉም እኛው ዘንድ ነው።